የሒሳብ እኩልታን ከፎቶ ወደ ጽሑፍ መለወጥ፦ በነፃ መሣሪያዎች፣ ከካርቶን እስከ ወርድ

«ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ የሒሳብ መምህር አሉን። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ተሸክመው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል መልመጃዎች ናቸው። አንዳንዱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው።

«ጽሕፈት ቤት ወስጄው ነበር» አሉኝ። «እስቲ የሠሩትን እየው።»

አየሁት። ኤክስ ስኩዌር የነበረው በሙሉ «ኤክስ 2» ሆኗል። ክፍልፋዮቹ በአንድ መስመር ተዘርግተዋል፤ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደነበረ አይለይም። በተየበችው ልጅ አልፈርድም። ፊደል መተየብ ሌላ፣ ሒሳብ መተየብ ሌላ።

ጥያቄው 300 ገደማ ነው። በእጄ ልተይበው ብል ክረምቱ አይበቃኝም። ስለዚህ የእኩልታን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞችን ጫንኩና ካርቶኑን ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው እዚያ ላይ የተማርኩት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትእዛዞቹን ለጓደኛ በስልክ እንደማነብ አድርጌ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ነው።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይኼ ነው። የምትፈልጉት እኩልታ በጽሑፍ መልክ አስቀድሞ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

እኩልታው ዊኪፔዲያ ላይ ካለ ስክሪንሾት አያስፈልግም። የገጹን «አርትዕ» ተጫኑ፤ እኩልታው ከነኮዱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ገልብጡት። አርካይቭ ከሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ የወረደ ከሆነም፣ አብዛኞቹ ደራሲዎች ዋናውን የላቴክስ ፋይል አብረው ነው የሚያስገቡት (ላቴክስ ሒሳብን በተራ ጽሑፍ የምንጽፍበት መንገድ ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ)። የጽሑፉ ገጽ ላይ ከፒዲኤፉ ጎን የቴክስ ምንጩን የሚያወርድ ሊንክ አለ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፒዲኤፍ ላይ እኩልታ ስቆርጥ ውዬ ማታ ላይ ነው ይኼ ትዝ ያለኝ። እናንተ አትድገሙት።

ምንም ከሌለና ያላችሁ ወረቀት ብቻ ከሆነ ወደ ሥራው እንግባ።

የምንፈልገው ጽሑፍ ምን ዓይነት ነው?

ተራ ጽሑፍ አንባቢ፣ ማለትም ኦሲአር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ፊደል እየለቀመ ይሄዳል። ሒሳብ ግን በአንድ መስመር አይሄድም። ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ 2 አርቢ ናት፤ ዝቅ ካለች መለያ ቁጥር ናት፤ ከመስመር በታች ከወረደች ታሕት ናት። ቦታዋ ራሱ ትርጉም ነው። ጽሕፈት ቤቱም የወደቀው እዚሁ ላይ ነው።

ይኼን ቦታ በጽሑፍ መያዝ የሚችለው ላቴክስ ነው። መሠረቱን ቴክስን ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 አወጣው፤ ሌስሊ ላምፖርት ደግሞ በ1980ዎቹ ላቴክስን በላዩ ሠራበት። አንድ ክፍልፋይ በላቴክስ እንዲህ ይነበባል፦ ባክስላሽ፣ ፍራክ፣ ከዚያ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ላዕሉ፣ በሌላ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ታሕቱ። አርቢ ሲሆን የቆብ ምልክት ትቀድማለች። መለያ ቁጥር ሲሆን አንደርስኮር። እነዚህን ሦስቱን ካወቃችሁ መሣሪያው የሰጣችሁን ጽሑፍ ግማሹን ማንበብ ትችላላችሁ። ማንበብ ደግሞ ግድ ነው፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

የቱን መሣሪያ?

ለካርቶኑ የተጠቀምኩት በዋናነት ፒክስ ቱ ቴክስ ነው። ሌላ ስሙ ላቴክስ ኦሲአር ነው። ሉካስ ብሌቸር የሠራው ነው፤ ፈቃዱ ኤምአይቲ ስለሆነ መጠቀም፣ መለወጥ፣ ማከፋፈል ይቻላል። አንድ የታተመ እኩልታ ስትሰጡት አንድ መስመር ላቴክስ ይመልሳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ አይሞክርም።

ገጹ ጽሑፍና እኩልታ የተቀላቀለበት ከሆነ ፒክስ ቱ ቴክስት የሚባል ሌላ አለ። ስማቸው መንታ ይመስላል፤ አንዷ «ት» ናት የምትለያቸው። አትሳሳቱ። ይኼኛው መጀመሪያ ገጹ ላይ እኩልታ የት የት እንዳለ ይፈልጋል፣ እኩልታውን ለብቻ፣ ጽሑፉን ለብቻ ያነብና መልሶ ያጣምረዋል።

የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ቴክስ ቴለርን ሞክሩ። ሠሪዎቹ ሦስተኛውን እትም በ80 ሚሊዮን የምስልና የእኩልታ ጥንድ እንዳሠለጠኑት ጽፈዋል፤ የእጅ ጽሑፍንም አካተውበታል። የጋሼን የጠርዝ ማስታወሻዎች ከፒክስ ቱ ቴክስ በተሻለ ያነበበልኝ እሱ ነው። ዶክተር እንደጻፈው ዓይነት ሲሆን ግን እሱም ይተወዋል።

ሙሉ የምርምር ጽሑፍ በፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ኑጋት አለ፤ ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው። ኮዱ ነፃ ቢሆንም የሠለጠነው ሞዴል፣ ማለትም ማንበብን የተማረው ክፍሉ፣ ለንግድ አይፈቀድም። ለሽያጭ የሚሆን ጋይድ የምታዘጋጁ ይህን ልብ በሉ። በነገራችን ላይ መሣሪያው ነፃ ነው ማለት የሰው መጽሐፍ ነፃ ነው ማለት አይደለም። እኔ የያዝኩት ጋሼ ራሳቸው ያዘጋጁትን ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ፒክስ ቱ ቴክስ ነው በዝርዝር የምናገረው። እሱን የጫነ ሌሎቹንም መጫን አይከብደውም።

መጫን

መጀመሪያ ፓይተን ያስፈልጋል፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የተጻፉበት ቋንቋ ነው። ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑት የመጀመሪያው መስኮት ታች «ወደ ፓዝ ጨምር» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት አድርጉባት። እሷን የረሳ ሰው በኋላ «ፓይተን አይታወቅም» የሚል መልስ እያየ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደግሞ ትናንት የወጣውን እትም አትጫኑ። አንድ ሁለት እትም ወደኋላ ያለው ይሻላል፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የተደገፉባቸው ጥቅሎች ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም።

ቀጥሎ ለሥራው የራሱን ክፍል ሥሩለት። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ ክፈቱና «ፓይተን፣ ሰረዝ ኤም፣ ቬንቭ፣ ማዝ» ብላችሁ ጻፉ፤ በየመሃሉ ክፍተት አለ። ቬንቭ ሲጻፍ ቪ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቪ ነው። «ማዝ» የፎልደሩ ስም ነው፤ የፈለጋችሁትን ስጡት። ከዚያ ወደ ውስጡ ግቡ። ዊንዶውስ ላይ «ማዝ ባክስላሽ ስክሪፕትስ ባክስላሽ አክቲቬት»፣ ሊነክስና ማክ ላይ «ሶርስ» ብላችሁ ክፍተት፣ ቀጥሎ «ማዝ እዝባር ቢን እዝባር አክቲቬት»። የመስመሩ መጀመሪያ ላይ በቅንፍ የፎልደሩ ስም ከመጣ ገብታችኋል። ይህን የማደርገው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። የጥቅል እትሞች ሲጋጩ ፎልደሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ ሌላው ኮምፒውተር አይነካም።

አሁን የዳታ ጉዳይ። ፒክስ ቱ ቴክስ ፓይቶርች የሚባል ትልቅ ጥቅል ይፈልጋል። ሊነክስ ላይ ዝም ብላችሁ ካስጫናችሁት ለኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ የሚሆነውን ሁሉ ጎትቶ ያመጣል፤ ያ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። ካርዱ ለሌለው ላፕቶፕ ይህን ያህል ፓኬጅ ማቃጠል ግፍ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ወደ ፓይቶርች ድረ ገጽ ሂዱ፤ መምረጫ ሰንጠረዥ አለ። ፒፕን (የፓይተን ጥቅል መጫኛ ነው) እና ሲፒዩን ምረጡ፤ የሚሰጣችሁን መስመር ገልብጣችሁ ተርሚናሉ ላይ ለጥፉ። መጠኑ በብዙ ይቀንሳል።

እሱ ሲያልቅ ዋናው ትእዛዝ ይመጣል፦ «ፒፕ ኢንስቶል» ብላችሁ ክፍተት፣ ከዚያ የፕሮግራሙ ስም። ስሙ ሲጻፍ ፒ፣ አይ፣ ኤክስ፣ ቁጥር 2፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤክስ ነው፤ ያለ ክፍተት። መስኮት ያለውን እትም ከፈለጋችሁ ከስሙ ቀጥሎ፣ ያለ ክፍተት፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ጂ፣ ዩ፣ አይ ጨምሩ። ከነቅንፉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱት የሠለጠነውን ሞዴል ያወርዳል፤ ከ100 ሜጋባይት ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ እናንተ ማሽን ላይ ነው። ኔትወርክ ቢሄድም ያነባል። ምስላችሁም ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም፤ ገና ላልተሰጠ ፈተና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምስሉ ላይ ጊዜ ስጡ

ጋሼ መጀመሪያ የላኩልኝ በቴሌግራም ነበር፤ በስልካቸው አንስተው። የእጃቸው ጥላ ግማሹን ሸፍኖታል። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ በግልባጩ ይታያል። ቴሌግራም ደግሞ በፎቶ መልክ የተላከን ነገር ይጨምቀዋል። ከዚያ ምስል የወጣው ላቴክስ ለቅሶ ነበር።

በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው «የቱ ሞዴል ይሻላል» እያለ ነው። እኔ በካርቶኑ ላይ ያየሁት ልዩነት ግን በአብዛኛው ከሞዴሉ የመጣ አይደለም። ምስሉ ንጹሕ ሲሆን ሁሉም ያነባሉ፤ ሲቆሽሽ ሁሉም ይቀባጥራሉ። ስለዚህ እንዲህ አደረግን።

ከወረቀቱ ሥር ጥቁር ወረቀት አስገባን። ይህች ብቻዋን ተአምር ሠራች፤ ከጀርባ የሚታየው ጽሑፍ ጠፋ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አደረግን፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት ቦታ። ስልኩን ቀጥ አድርገን ከላይ ያዝን። የስልኩን ካሜራ ትተን ጉግል ድራይቭ ውስጥ ያለውን ስካን ተጠቀምን፤ ጠርዙን ያቀናል፣ ነጩን ያነጣል። ሲላክ ደግሞ «ፋይል» ተብሎ።

ከዚያ መቁረጥ ነው። እያንዳንዱን እኩልታ ለብቻው፣ ዙሪያውን ጥቂት ነጭ ቦታ ትታችሁ ቁረጡ። የጥያቄውን ቁጥር ከውጭ ተዉት። ካልተዋችሁት «14.» የእኩልታው አካል ይሆንና የማይታወቅ ብዜት ታገኛላችሁ። «አስሉ» ወይም «ፈልጉ» የሚለውም ቃል ከውጭ ይቅር። ሁለትና ሦስት መስመር ያለው ሥራ ከሆነ መስመር በመስመር። በጣም የረዘመውን ደግሞ እኩል ይሆናል ምልክቱ ላይ ለሁለት ክፈሉት።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። ምስሉን በጣም ማተለቅ ይጎዳል። ሞዴሉ የሠለጠነው ትንንሽ ምስሎች ላይ ነው፤ ወርዱ ከ672፣ ቁመቱ ከ192 ፒክሰል ያልበለጠ። ምስሉን ወደሚመቸው መጠን የሚያሳንስ ሌላ ትንሽ ሞዴል አብሮት አለ፤ ግን ግዙፍ ምስል ሲመጣበት እሱም ይሳሳታል። ስክሪንሾት ልታነሡ ስትሉ ፒዲኤፉን እስከ ጥግ አታጉሉት። ለዓይን የሚመች መጠን ለእሱም ይመቸዋል።

ማስነበብ

ሁለት መንገድ አለ። ተርሚናል ላይ «ላቴክስኦሲአር» ብላችሁ ያለ ክፍተት ስትጽፉ መስኮት ይከፈታል። አልት እና ኤስ ስትጫኑ ማያ ገጹ ላይ እኩልታውን በማውስ እንድትከብቡ ይፈቅድላችኋል። ስትለቁት በጥቂት ሰከንድ ላቴክሱ ይመጣል፤ በእኩልታ መልክ ተስሎም ይታያል። ለጥቂት እኩልታ ይኼ ይበቃል።

ብዙ ካላችሁ ሌላውን ስሙን፣ በቁጥር 2 የሚጻፈውን፣ ጻፉና ከኋላው የፋይሎቹን ስም በክፍተት ለይታችሁ ደርድሩ። ተራ በተራ አንብቦ ያወጣቸዋል። ምንም ስም ሳትሰጡ ካስነሳችሁት ደግሞ ይጠብቃችኋል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍት እና ኤስ ብላችሁ ስትቆርጡ ምስሉ ክሊፕቦርድ ላይ ይያዛል። ተርሚናሉ ላይ ኢንተር ስትሉ ያንኑ ያነባል።

ፓይተን የምትነካኩ ከሆነ ከዚህም ይቀላል። ላቴክስ ኦሲአር የሚባለውን ክላስ አስገቡ (ያለ ክፍተት፤ እዚህ ብቻ የመጀመሪያው ኤል እና ኦሲአር በትልቁ ሆሄ ናቸው)፣ አንዴ ፍጠሩት፣ ከዚያ በሉፕ ውስጥ ምስሎቹን እየከፈታችሁ ስጡት። «አንዴ» ያልኩትን ልብ በሉ። ለእያንዳንዱ ምስል እንደ አዲስ ከፈጠራችሁት ሞዴሉን በየጊዜው ይጭናል፤ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ አያልቅም። ምስሎቹን ስትሰይሙ የገጹንና የጥያቄውን ቁጥር ስጧቸው፤ ገጽ 07፣ ጥያቄ 14 እንደማለት። ከፊት ዜሮ ካልጨመራችሁ 10 ከ2 በፊት ይሰለፋል። መልሱንም በዚያው ስም አስቀምጡት። አለበለዚያ የትኛው ላቴክስ የየትኛው ወረቀት እንደሆነ ማወቂያ የላችሁም።

ሳትመረምሩ አትመኑት

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ሲያዩ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይቺ ማሽን ሒሳብ ተምራለች እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ቅርፅ ነው የተማረችው።»

ይህን መያዝ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉት ሞዴሎች ያደጉት ከሳይንሳዊ ጽሑፎች በተሰበሰቡ እኩልታዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና ኢም ቱ ላቴክስ የሚባለው ስብስብ ብቻውን 100,000 ያህል እኩልታ አለው። ስለዚህ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ ልማድ አላቸው። ምስሉ ሲደበዝዝባቸው ዝም አይሉም። ልማዳቸው ያለውን ይሞላሉ። «ይህችን ማንበብ አልቻልኩም» የሚል መልስ የለም። ስሕተቱም ያምራል፤ ተስሎ ሲታይ ከመጽሐፍ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

አንዱን በቅርብ ላሳያችሁ። ጥያቄው ሁላችሁም የምታውቁት ነው፦ ኤክስ ወደ 0 ሲጠጋ፣ ሳይን ኤክስ ሲካፈል ለኤክስ፣ ሊሚቱ ስንት ነው? መልሱ 1። ወረቀቱ ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ጥሎበታል። መስመሩ በ0ዋ መሃል አልፏል። ፕሮግራሙ ምን አነበበ? ኤክስ ወደ ፋይ ሲጠጋ። የግሪኳ ፊደል። እውነትም በመሃሏ መስመር ያለፈባት ዜሮ ፋይን ትመስላለች። ክፍልፋዩ ልክ ነው፣ ሳይኑ ልክ ነው፣ ቀስቱ ልክ ነው። አንድ ቦታ ብቻ። ተማሪ እጅ ቢገባ ኖሮ የፋይ ዋጋ ስንት ነው እያለ ይንቆራጠጥ ነበር። መስመሩን በተራ የሥዕል ፕሮግራም አጥፍቼ ደግሜ ሰጠሁት፤ 0 ብሎ አነበባት።

ከዚያ በኋላ የምጠረጥራቸውን ለየኋቸው። 1 እና ትንሿ ኤል። የኤክስ ፊደል እና የማባዛት ምልክት። ነጠላ ሰረዝ እና የዴሪቬቲቭ ጭረት፤ ጠብታ ያረፈችበት ኤፍ በአንዴ ዴሪቬቲቭ ይሆናል። የአስርዮሽ ነጥብ፣ ይቺ ትጠፋለች፤ 2.5 የነበረው 25 ሲሆን ዓይን አይዘውም። ከሁሉ ክፉው የአርቢ ማይነስ ነው። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ስትጠፋ ዱካ አትተውም።

የምመረምረው እንዲህ ነው። ዋናውን ምስል በግራ፣ የተሳለውን እኩልታ በቀኝ አደርጋለሁ። ኮዱን ብቻ በማየት አላጸድቅም፤ ኮድ ላይ ዓይን ይደክማል። ከዚያ ጋሼ ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ እኔ ስክሪኑን እከተላለሁ። ሁለት ሰው ካላችሁ ይህን የሚተካ የለም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ያንኑ ምስል ትንሽ አሳንሳችሁ ደግማችሁ አስነብቡት። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ አንዱ ውሸት ነው። ከተመሳሰሉ ደግሞ ዕድላችሁ ጨመረ እንጂ አልተረጋገጠም፤ ፋይዋ ሦስት ጊዜም ፋይ ናት። መልስ ያለው ጥያቄ ከሆነ ከወረቀቱ ሳይሆን ከስክሪኑ ላይ ሥሩትና ከመልሱ ጋር አስተያዩ።

ጥቃቅን ጽዳትም አለ። ፒክስ ቱ ቴክስ አንዳንዴ የማያስፈልግ የክፍተት ምልክት፣ አንዳንዴ እንግዳ የፊደል ዓይነት ይጨምራል። ባለብዙ መስመሩን «አሬይ» በሚባለው ሰንጠረዥ ይሰጣችኋል። አይጎዳም፤ ካስጠላችሁ በፈልግና ተካ አጽዱት።

ገጹ አማርኛ ካለበት

የታችኛው ክፍል የሒሳብ ወረቀት አማርኛ አለው። ፒክስ ቱ ቴክስት ጽሑፍና እኩልታ ይለያል ብያለሁ፤ ግን ጽሑፉን የሚያነቡለት ሞተሮች የእኛን ፊደል አያውቁም። አማርኛውን ቢሰጡት የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው።

ለአማርኛው ቴሰራክት አለ። ሥራው በኤችፒ በ1980ዎቹ ተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ክፍት ሆነ፣ የአማርኛ የሠለጠነ ፋይልም አለው። ስትጠሩት የቋንቋውን መለያ ኤ፣ ኤም፣ ኤች ብላችሁ ስጡት፤ በመሃል እንግሊዝኛ ካለ የመደመር ምልክት አድርጋችሁ ኢ፣ ኤን፣ ጂ ጨምሩ። እኩልታውን ግን ለቴሰራክት አትስጡት፤ እንደ ጽሕፈት ቤቱ ነው የሚያደርገው።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። የገጹን ቅጂ ወስጄ እኩልታዎቹን በነጭ እሸፍናለሁ፤ በየቦታቸው ትልልቅ ቁጥር አስቀምጣለሁ። የተሸፈነውን ለቴሰራክት፣ የተቆረጡትን እኩልታዎች ለፒክስ ቱ ቴክስ እሰጣለሁ። ከዚያ በቁጥሮቹ ምትክ እኩልታዎቹን መልሼ እከታለሁ። ሁለት ሥራ ነው፤ ለ20 ገጽ ግን ከመተየብ ይሻላል። ቴሰራክት «ሀ» እና «ሁ»ን፣ «ለ» እና «ሉ»ን በደብዛዛ ወረቀት ያምታታል፤ እሱንም አንብቡት።

ወደ ወርድ

ትምህርት ቤት የሚፈልገው የማይክሮሶፍት ወርድ ነው። ላቴክስ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አያይላችሁም።

አንድ ሁለት ከሆነ ወርድ ውስጥ አልትን ይዛችሁ የእኩል ይሆናል ቁልፍን ተጫኑ፤ የእኩልታ ሳጥን ይከፈታል። አዲሱ ወርድ ከላይ ላቴክስ የሚል ምርጫ አለው። እሱን መርጣችሁ ኮዱን ለጥፉና «ፕሮፌሽናል» ወደሚለው ቀይሩት። አብዛኛውን ይቀበላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

300 ከሆነ ፓንዶክ ነው መፍትሔው፤ ፋይልን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚለውጥ ነፃ ፕሮግራም ነው። የሚገርመው የሠራው ሰው ጆን ማክፋርሌን የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነው። ጥያቄዎቻችሁን በተራ የጽሑፍ ፋይል ደርድሩ፤ እያንዳንዱን እኩልታ በሁለት የዶላር ምልክት መሃል አስገቡ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ በዶላሮቹና በእኩልታው መሃል ክፍተት አይኑር። ፋይሉን በኤም ዲ ቅጥያ አስቀምጡ። ከዚያ «ፓንዶክ» ብላችሁ የፋይሉ ስም፣ ሰረዝ ኦ፣ በመጨረሻ በዶክኤክስ የሚያልቅ ስም። የሚወጣው ወርድ ውስጥ እኩልታዎቹ ሥዕል አይደሉም። ተጭናችሁ ታስተካክሏቸዋላችሁ፤ ጋሼም በዚያው በለመዱት ወርድ አርቢ ይቀይራሉ። ሊብረኦፊስ የምትጠቀሙ ግን ልብ በሉ፤ የእሱ የእኩልታ አጻጻፍ ሌላ ነው፤ የላቴክሱን ኮድ ብትለጥፉበት አይገባውም።

የላቴክሱን ፋይል አትጣሉት። ወርድ እትም ሲቀይር ቅር ቢለው እንደገና ከዚያ ታወጡታላችሁ።

ጥያቄ 14

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ኢንቴግራሎቹ ደረሱ። ጋሼ ያነባሉ፣ እኔ እከተላለሁ። ጥያቄ 14፦ ከ0 እስከ 1፣ ላዕሉ 2 ኤክስ፣ ታሕቱ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1።

«ቆይ ጋሼ፣ እዚህ ሲቀነስ ነው የሚለው።»

«ማሽንህ ተሳስታለች። መልሱ የ2 ሎጋሪዝም ነው፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ሲቀነስ ከሆነማ ኤክስ 1 ላይ ሲደርስ ታሕቱ ዜሮ ነው፤ ወደ ማይነስ ኢንፊኒቲ ይሸሻል።»

ምስሉን አጎላሁት። ፎቶ ኮፒው ላይ አጭር ጭረት ብቻ ነው ያለው። ኮፒው በልቶት ይሆናል ብለን ከካርቶኑ ሥር ዋናውን፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈውን፣ ፈልገን አወጣን። በሰማያዊ ቢክ፣ ጥርት ብሎ፣ ሲቀነስ 1።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው እንደገና አዩት።

«ስንት ዓመት ነው ይህን የሰጠሁት?» አሉ።

እኔ ፋይሉን ከፍቼ መደመር አደረግኩት። እሳቸው ቢክ አውጥተው ዋናው ወረቀት ላይ በጭረቷ መሃል አንዲት ቁም መስመር አሠመሩ።